ሽመላና የመስቀል ወፍ

እማዬ ቤት በሩን የምትከፍትልኝ ሁልጊዜ ታናሽ እህቴ ሚሚ ናት። እማዬ ደግሞ ከሶፋዋ ሳትነሳ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «መጣሽ? የመስቀል ወፍ!» ትለኛለች። ዓመታት ያስቆጠረ ቀልድ ነው። ሁላችንም እንስቃለን። እኔም እየሳቅሁ ኬኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ፣ ጉንጮቿን እስማለሁ፣ ከዚያ ስለ መንገዱ መጨናነቅ አማርራለሁ።

እውነቱን ለመናገር መንገዱ ሰበብ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ቢሾፍቱ 47 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፍጥነት መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ፣ ከተማውን እስክንወጣ የምንቆመውን ካልቆጠርነው፣ አንድ ሰዓትም አይሞላም። እኔ ግን የምሄደው እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ፋሲካ እያልኩ ነው። ሥራ አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤት አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ። እናንተም ታውቁታላችሁ።

ባለፈው ዓመት መስቀል ላይ ግን ቀልዱን ልጄ አበላሸብን። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጥያቄ የማያልቅበት ዕድሜ። ከደመራው የተረፈው ጭስ ገና ከሰፈሩ አልጠፋም፣ ሚሚ ቡና እያፈላች ነው፣ እማዬ የተለመደውን ብላኝ ተስቆ ሲያበቃ፣

«አያዬ፣ የመስቀል ወፍ ሌላ ጊዜ የት ነው የምትሄደው?» አላት።

«እሱንማ የፈጠራት ነው የሚያውቀው» አለች እማዬ።

እኔ የማውቅ መስዬ «ወደ ቆላ ትወርዳለች፤ ሙቀት ፍለጋ» አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤታችን ደግሞ ግብፅ ድረስ እንደምትሄድ በልበ ሙሉነት ተናገሩ። ሚሚ ጀበናውን ከምድጃው እያነሳች፣ ቀና እንኳን ሳትል፣

«የትም አትሄድም። እዚሁ ናት» አለች።

«እዚህ የት?»

«እዚሁ ግቢያችን ውስጥ። ቡናማ ለብሳ ከድንቢጦቹ ጋር ስትለቅም ትውላለች። እህል ሳሰጣ አያታለሁ። ጌጧን ስለምታወልቅ ነው የማታውቋት።»

ማንም ምንም አላለም። ቡናው ተቀዳ፣ ወሬውም ወደ ዘይት ዋጋ ዞረ።

ልጄ ግን አልረሳውም። አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ የአባቱን ኮምፒውተር ከፍቶ፣ አንድ የወፎች መጽሐፍም ተውሰን፣ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ስለ ወፍ ስናነብ ከረምን። ሚሚ ልክ ነበረች።

የመስቀል ወፍ የምንለው ለካስ አንድ ወፍ ብቻ አይደለም። ሰው እንዳደገበት አካባቢ ጣቱን የሚቀስርበት ይለያያል። አንዱ ቀይና ጥቁሩን ያሳያችኋል፣ ሌላው ጭራው ከራሱ የሚረዝመውን። እኛ ልጆች ሆነን የመስቀል ወፍ የምንለው ሰውነቱ ጥቁር ሆኖ ትከሻውና ወገቡ የአደይ አበባ ቢጫ የተቀባ የሚመስለውን ነበር። እንግሊዞች እንዲህ ያሉትን ወፎች «ጳጳስ» ይሏቸዋል፤ ላባቸው የካህን ልብስ መስሏቸው። ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ግን አለ። ክረምቱ ሲገባ ወንዱ ቡናማ ላባውን አራግፎ የሠርግ ልብሱን ያወጣል። ሣሩ ሲያድግ፣ ፍሬው ሲበዛ፣ ሴቶቹ ፊት ላባውን ነፍቶ ይበራል፣ ይዘምራል። የመራቢያው ወቅት ሲያልፍ ጌጡን ያወልቅና እንደ ሴቷ ቡናማ፣ ደረቱ ላይ ጭረት ጭረት ያለበት ተራ ወፍ ይሆናል። ከዚያ ከሌሎች እህል ለቃሚ ወፎች ጋር ተቀላቅሎ ዓመቱን ይገፋል። ግብፅም አይሄድ፣ ቆላም አይወርድ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቆነጠጠኝ። ዕድሜ ልካችንን «እሷ» ስንላት የኖርነው ወንዱን ነው። ሴቷማ ዓመቱን ሙሉ ቡናማ ስለሆነች ለመስቀልም አናያትም። ስም እንኳን አላወጣንላትም።

ከቤታችን ርቆ የሄደው ታላቅ ወንድማችን ነው። ወንድም ጋሼ ሀምቡርግ፣ ጀርመን፣ ሲኖር አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈው። ሲመቸው በሁለት ዓመት አንዴ፣ በጥር፣ ለጥምቀት ይመጣል። እሱ ሲመጣ ቤቱ ቀለም ይቀባል፣ መጋረጃ ይታጠባል፣ በግ ይገዛል፣ እማዬ ፀጉሯን ሹሩባ ትሠራለች። የሚቀባው፣ የሚያጥበው፣ የሚገዛው ማን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ቤቱ ራሱ የሚቀባ ይመስለኝ ይሆናል።

እሱ ላይ ግን መፍረድ አልችልም። በየማታው ይደውላል። የእማዬን የደም ግፊት መድኃኒት ስም ያውቃል፣ ጠዋት ስንት እንደለካች ያውቃል፣ የትኛው ጉልበቷ እንደሚያማት ያውቃል። እኔ 47 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኜ ኪኒኗ ነጭ ይሁን ቢጫ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ጥር ሲመጣ ልጄ የሰነበተ ጥያቄዎቹን ይዞ ጠበቀው። በማግስቱ ጠዋት ሦስታችን ወደ ጨለለቃ ወረድን። ጨለለቃ ከቢሾፍቱ ሐይቆች እንደ ሆራ ወይም ባቦጋያ ሪዞርት የተሠራበት አይደለም። ጥልቀት የሌለው፣ ክረምት ሞልቶ በጋ የሚሸሽ ረግረግ ነው። ለወፍ ግን ከሁሉም ይሻላል። በዚያን ቀን ከከብቶቹ ባሻገር፣ ውሃው በሸሸበት ጭቃ ላይ፣ ወደ ሰላሳ የሚሆኑ ነጭ ሽመላዎች ቆመው ነበር።

ሽመላን አይታችሁ ካወቃችሁ አካሄዷ አይረሳችሁም። አንድ ሜትር ያህል ቁመት አላት። አንድ እግሯን ታነሳለች፣ ታስባለች፣ ከዚያ ታስቀምጣለች። እንደ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር። ረጅም ቀይ ምንቃሯን ወደ ጭቃው ሰደድ አድርጋ እንቁራሪት ወይም ፌንጣ ይዛ ቀና ትላለች። ድምፅ የላትም ማለት ይቻላል፤ እንደ ዘማሪ ወፎች ድምፅ የሚያወጣ ጡንቻ ስለሌላት መናገር ስትፈልግ ምንቃሯን ታንቋቋለች። እግሯ ቀይ ነው፤ ጨለለቃ ላይ ያየናቸው ግን ነጭ እግር ነበራቸው። ወንድም ጋሼ ምክንያቱን ሲነግረው ልጄ መሬት ላይ ሊንከባለል ምንም አልቀረው። በሙቀት ጊዜ ሽመላ ሰውነቷን ለማቀዝቀዝ በገዛ እግሯ ላይ ኩሷን ትጥላለች። ያ ምሳ ላይም፣ እራት ላይም፣ መኪና ውስጥም ተደገመ።

«እነዚህ ከእኔ አገር የመጡ ሳይሆኑ አይቀሩም» አለ ወንድም ጋሼ።

«የአንተ አገር እኮ እዚህ ነው» አለው ልጄ።

ወንድሜ መልስ አልሰጠውም። መንገዳቸውን ግን ተረከለት። ሽመላ ክንፏን እያርገበገበች ሩቅ መሄድ አይሆንላትም። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ የሚነሳውን አየር ተደግፋ እየዞረች ወደ ላይ ትወጣለች፣ ከዚያ ክንፏን ዘርግታ ወደፊት ትንሸራተታለች። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማይነሳ ሜዲትራኒያንን በቀጥታ አትሻገርም። ከምሥራቅ አውሮፓና ከጀርመን ብዙው ክፍል የሚነሱት በቱርክ፣ በኢስታንቡል ጠባብ ባሕር በኩል ዞረው፣ በሶርያና በእስራኤል አልፈው፣ ሲናን አቋርጠው፣ ዓባይን ተከትለው ሱዳንና ኢትዮጵያ ይደርሳሉ። የሚሰነብቱ አሉ፤ ሌሎቹ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይዘልቃሉ። ወንድም ጋሼ በአውሮፕላን በሰባት ሰዓት የሚመጣውን እነሱ በብዙ ሳምንት ነው የሚመጡት።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ የልጆቻቸው ነገር ነው። ጫጩቶቹ በተወለዱበት ዓመት፣ ብዙ ጊዜ ከወላጆቻቸው ቀድመው ይነሳሉ። እናት ልጇን መንገድ አታሳይም። ከመንጋው ጋር ሆኖ ያገኘዋል፤ ወይ ይደርሳል ወይ አይደርስም። ይህን ሲናገር ወንድሜ በሃያ አራት ዓመቱ አንድ ሻንጣ ይዞ የሄደበትን ቀን እያሰበ ይሁን አይሁን አልጠየቅሁትም።

ከዚያ የሮስቶክን ሽመላ ነገረን። ሴት ልጁን ይዞ እዚያ ዩኒቨርሲቲ ያለውን የእንስሳት ስብስብ ሊያሳያት ሄዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1822 በሰሜን ጀርመን፣ ክሉትስ በምትባል ከተማ አጠገብ፣ አንዲት ሽመላ ተመታ ወደቀች። ሲያዩዋት አንገቷ ላይ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም የእንጨት ጦር ተሰክቶ ነበር። ጦሩ የአፍሪካ ነው። አንድ ሰው አፍሪካ ውስጥ ወግቷት፣ እሷ ሳትሞት፣ ጦሩን በአንገቷ ተሸክማ ጀርመን ድረስ ተመልሳለች። እስከዚያ ድረስ በአውሮፓ ወፎች በክረምት የት እንደሚገቡ ብዙ ዓይነት ግምት ነበር። ኩሬ ሥር ገብተው ይተኛሉ የሚል ነበር፤ ወደ ሌላ ወፍ ይለወጣሉ የሚልም ነበር፤ አርስቶትል ሳይቀር አንዱን ወፍ ሌላ ወፍ ይሆናል ብሎ ጽፏል። የሽመላዋ ጦር በሩቅ አገር እንደምትከርም በዓይን የሚታይ ማስረጃ ሆነ። ወፏ እስከ ዛሬ ደርቃ፣ ከነጦሯ፣ እዚያው ትታያለች። ወንድሜ ፎቶዋን በስልኩ አሳየን።

ልጄ ፎቶውን ሲያይ ቆየና «አመማት?» አለ።

«ይመስለኛል» አለው አጎቱ። «ግን መንገድ ላይ ለማን ትናገራለች?»

ስንመለስ ልጄ «አክስቴስ ለምን አብራን አልመጣችም?» ብሎ ጠየቀ። «ዶሮ እየሠራች ነው» አልኩት። እውነት ነው፤ ዶሮ እየሠራች ነበር።

ምሳ ላይ ነው ነገሩ የወጣው። እማዬ እጇን ልትታጠብ ስትነሳ ግድግዳውን ይዛ፣ ቀስ ብላ ሄደች። ወንድም ጋሼ «ጉልበትሽ ነው?» ሲላት ምንም ሳታስብ «አይ፣ ያኔ ከወደቅሁ ወዲህ ነው» አለች።

ያኔ ማለት ነሐሴ ነው። ሌሊት፣ ዝናብ እየጣለ፣ ራሷን አዙሯት ኮሪደር ላይ ወድቃለች። ሚሚ የጎረቤት ልጅ ቀስቅሳ፣ ሁለቱ ተሸክመው በባጃጅ ሆስፒታል አድርሰዋታል። ሁለት ሌሊት ተኝታለች። ያን ሰሞን ወንድም ጋሼ ሲደውል ሚሚ «ኔትወርክ የለም» እያለች በድምፅ ብቻ ነበር ያገናኘቻቸው። እኔ ለመስቀል ስመጣ አንድ ወር አልፎታል። ሶፋዋ ላይ ቁጭ ብላ «የመስቀል ወፍ» ስትለኝ ሳትነሳ የቀረችው ስላቃታት ነበር። እኔ የቀልዱ ክፍል መስሎኝ ነበር።

ወጥ ቤት ገብቼ ሚሚን ያዝኳት። ተቆጥቼ ነበር፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

«እንዴት አትነግሪንም?»

«ብነግራችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» አለች። ሳህን ማጠቧን አላቋረጠችም። «ወንድም ጋሼ እዚያ ሆኖ ያለቅሳል። አንቺ ደግሞ በሌሊት መኪና አስነስተሽ ስትመጪ፣ የሁለት ሰው ልሳቀቅ?»

«ቢሆንም…»

«እታለም፣ ስትደውሉ እኮ የምትጠይቁኝ ‘እማዬ እንዴት ናት?’ ብላችሁ ነው። ደህና ናት እላችኋለሁ። ደህና ናታ።» ቀጥሎ የምትለው ነበራት፤ ግን ውሃውን ከፈተችው።

ሚሚ ሰላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። የምትሠራበት ቢሮ ከሁለት ዓመት በፊት በዕድገት ወደ ሐዋሳ ሊያዛውራት ሲል እምቢ እንዳለች ያን ቀን ማታ ነው የሰማሁት። ለእኔም ለወንድሜም አልነገረችንም። እማዬም አታውቅም።

ወንድም ጋሼ በወንድ ልጅ ደንብ መፍትሔው ቶሎ መጣለት። በየወሩ የሚልከውን ብር ከፍ አድርጎ፣ ቀን ቀን እማዬን የምትረዳ ሰው እንዲቀጠር ሐሳብ አቀረበ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ተቀጥራለችም። ሚሚ አመሰገነችውና «እኔ ያጣሁት ግን ብር አይደለም» አለች። «ቅዳሜ ነው።»

ስለዚህ አሁን ሁለት ሳምንት ቆይቼ በሦስተኛው ሳይሆን፣ አንዱን ቅዳሜ ዘልዬ በሌላው እሄዳለሁ። አርብ ማታ ደርሼ እሑድ ከሰዓት እመለሳለሁ። የመጀመሪያው ጊዜ ጨው የት እንደሚቀመጥ አላውቅም ነበር። እማዬ ሽሮዬን ቀምሳ «የእናትሽ ልጅ አትመስዪም» አለችኝ። መድኃኒቷን ሳዘጋጅ ነጩንና ቢጫውን አሳስቼ፣ ደግነቱ እሷው አረመችኝ። ሁለት ጊዜ ቀርቻለሁ፤ አንዴ በእውነት፣ አንዴ በሰበብ። ሚሚ በሁለቱም ጊዜ «ምንም አይደል» ብላኛለች። ይቺን «ምንም አይደል» አሁን አላምናትም።

ወንድም ጋሼ ረቡዕ ረቡዕ በሚሚ ስልክ ላይ ይደውላል። እማዬን «አቅርቢልኝ» እንዳይላት ተስማምተናል። መጀመሪያ ላይ የሚያወሩት ጠፍቷቸው ዝም ዝም ይባባሉ እንደነበር ሚሚ እየሳቀች ነግራኛለች። ቅዳሜዋን የት እንደምታሳልፍ ግን አትነግረኝም። አንዴ ፀጉሯን ተሠርታ መጣች፣ አንዴ ጫማዋ ጭቃ ነክቶት። አልጠይቃትም።

እማዬ ቀልዷን አልተወችም። ባለፈው አርብ በሩን ራሴ ከፍቼ ስገባ «ውይ! የመስቀል ወፍ በመጋቢት?» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከልጄ ጋር ግቢው ውስጥ ተቀመጥን። ሚሚ ልትወጣ ቦርሳዋን አንግታለች፤ ከመሄዷ በፊት የተለቀመውን ጤፍ ሰፌድ ላይ አስጥታልን ነበር። ወንድም ጋሼ ስልክ ላይ እንደነገረን የጀርመን ሰዎች በዚህ ወቅት የሽመላ ጎጆ ያለበትን ጣሪያ ቀና እያሉ ማየት ይጀምራሉ፤ ልጄ ጨለለቃ የነበሩት የት እንደደረሱ ለማስላት ካርታ ላይ መስመር እያሰመረ ነበር። አጥሩ ሥር ወደ ሃያ የሚሆኑ ቡናማ ወፎች ወርደው ይለቅማሉ። እኔ አንዱን ከሌላው መለየት አልቻልኩም፤ ለእኔ ሁሉም ድንቢጥ ናቸው።

«የቷ ናት?» አልኳት ሚሚን።

ጠጋ ብላ ቆመች። «ያችኛዋ፣ ደረቷ ላይ ጭረት ያላት። ምንቃሯም ወፈር ይላል። አየሻት?»

«አላየሁም።»

«ቆይ፣ ይነሱ።»

የጎረቤት ውሻ ጮኸና ሁሉም በአንዴ ብድግ አሉ። ከመካከላቸው አንዱ ክንፉን ሲዘረጋ ወገቡ ላይ፣ የጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ላይ፣ አንዲት ቢጫ ብልጭ ብላ ጠፋች። በመጋቢት። ልጄ እርሳሱን ጥሎ ተነሳ።

ሚሚ ሰዓቷን አየች። «በሉ፣ እኔ ሄድኩ» አለች፣ የግቢውን በር እየከፈተች። «ጤፉን ግን ጠብቁት።»